ለምን ሥራ ነው?

እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ሰባት ዓመት አለፈኝ። የሰባተኛ ክፍልን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አውቀዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድ ምዕራፍ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ያጣላኛል። አንድ ነገር ከልክ ሲያልፍና ሲበቃ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል የሚያስተምረው ምዕራፍ ነው። ፈረንጅ ከልክ ላለፈው ነገር «ቱ» የምትል ቃል ከፊት ያስቀድማል፤ ለበቃው ደግሞ «ኢነፍ» የሚል ቃል ከኋላ ያስከትላል። በቃ፣ ይኸው ነው። መጽሐፉን ያዘጋጀው ሰው ሁለት ክፍለ ጊዜ መድቦለታል። ኮልፌ አስተምሮ እንደማያውቅ ያስታውቅበታል።

የመጀመሪያው ጣጣ «በጣም» ነው። ልጆቼ «ቱ»ን «በጣም» ብለው ይይዟትና ደብተራቸው ላይ የሌለ ችግር ይፈጥራሉ። «እናቴ ከልክ በላይ ቆንጆ ናት» ብላ በእንግሊዝኛ የጻፈች ተማሪ ነበረችኝ። በቀይ እስክሪብቶ «የእናትሽ ቁንጅና ምን አስቸገረሽ?» ብዬ ጻፍኩባት። በማግሥቱ ደብተሩን ስሰበስብ ከሥሩ «ምንም አላስቸገረኝም፣ ቲቸር» የሚል መልስ አገኘሁ።

ሁለተኛው ጣጣ «በቃኝ» ነው። እኛ አገር በቃኝ የሚለውን ቃል የሚያምን ሰው የለም። እንግዳ አንዴ በቃኝ ካለ ይሉኝታው ገና አልለቀቀውም ማለት ነው። ሁለቴ ካለ እየጠገበ ነው። ሦስቴ ብሎ ሳህኑን በእጁ ከሸፈነ ይታመናል፤ እሱም «በሞቴ» ከተባለ እጁን ያነሳል። እንዲህ ባለ ቤት ላደገ ልጅ «ምግቡ ይበቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር አጻጽፈው ልክ ነው ወይስ አይደለም ብለው ቢጠይቁት፣ ማን እንደተናገረውና ለስንተኛ ጊዜ እንደተናገረው ሳያውቅ እንዴት ይመልስ?

ባለፈው ኅዳር ደግሞ ሦስተኛው ጣጣ መጣ። መጽሐፉ ላይ የአባቱን የሚያክል ጫማ ያደረገ ልጅ ሥዕል አለ። ከሥሩ «ጫማው ትልቅ ስለሆነ ሊያደርገው አይችልም» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አስነበብኳቸው። ክፍሉ አጉረመረመ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ጠይቃ የማትጠግብ አንዲት ልጅ ተነሳችና እግሯን ወደ መተላለፊያው ዘረጋችው። ጫማዋ ከእግሯ በሁለት ቁጥር ይበልጣል፤ ከፊት ካልሲ ጠቅጥቃበታለች።

«ቲቸር፣ ይኸው አድርጌዋለሁ እኮ» አለች።

ከዚያ የክፍሉ ግማሽ እግሩን አነሳ። ለከርሞም ይሆናል ተብሎ ያልተገዛ ጫማ ያደረገ ልጅ ፈልጌ አጣሁ። ልከራከራቸውም አልቻልኩም፤ እኔ ራሴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ በልኬ የሆነ ጫማ አድርጌ አላውቅም። አባቴ ወደ መርካቶ ሲሄዱ እኔን አይወስዱኝም ነበር። ቀጭን እንጨት በእግሬ ልክ ይሰብሩና ሁለት ጣት አስረዝመው ኪሳቸው ከትተው ይሄዳሉ። እግሬ ሁለቱን ጣት ሲደርስበት ጫማው ያልቃል።

ስለዚህ የማያድግ ነገር አስፈለገኝ። እግርም ሰውም ጫማም ያልሆነ፣ አጭር ከሆነ አጭር ሆኖ የሚቀር ነገር። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ አይደል የሚባለው? ወዲያው አጠና ትዝ አለኝ። አጠና የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ፎቅ ሲሠራ መወጣጫ የሚሆነው፣ የጭቃ ቤት ሲቆም ግድግዳና ጣሪያ የሚሆነው። አባቴ ኮልፌ አጠና ተራ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በላይ አጠና ሸጠዋል። ከደቡብ ምዕራብ በኩል በወጣትነታቸው መጥተው ሌላ ሥራ አልሞከሩም። እኛን ሁለት ልጆቻቸውንም ያሳደጉት በእሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ወደ አጠና ተራ የሄድኩት ለትምህርቱ ብቻ አልነበረም።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ባልቆመበት ቀን፣ የተከመረ አጠና ተንዶ አባቴን ጣላቸው። ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰነጠቀና ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ከረመ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጀሶው በተፈታ በሳምንቱ ተነስተው ወደ መደባቸው ሄዱ። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ በጣም ተናደደ። እሁድ እኔን ለብቻዬ ምሳ ጠራኝ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፤ ሽቅብ እያለከለክሁ ስገባ ነገሩን ቀድሞ ጨርሶታል።

«ቦታውን የሚረከብ ሰው አግኝቻለሁ» አለኝ። «ጨዋ ሰው ነው። አንቺ ንገሪያቸው። አንቺን ይሰሙሻል።»

«ለምን አንተ አትነግራቸውም?»

«እኔ ከነገርኳቸው ይጣሉኛል።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው ብዬ በልቤ አጉረመረምኩ። ግን እንዲህ የተናደድኩት ከሐሳቡ ጋር ስለተስማማሁ ነው። እኔም ፈርቻለሁ። አባቴ የሚኖሩት ከእኔ ጋር ነው፣ ቀራንዮ ባለው በአሮጌው ቤታችን። እናታችን ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ጠዋት ከቤት ሲወጡ በመስኮት አይቻቸው፣ ተመልሰው ባይመጡስ እላለሁ። ስለዚህ እሺ አልኩት፤ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ሰኞ አልነገርኳቸውም። ማክሰኞ ራት ላይ አፌን ከፍቼ «ጨው አልበዛም?» ብዬ ዘጋሁ። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ቤት በመሄድ ፈንታ አጠና ተራ ወረድኩ። እዚያ ብነግራቸው ይሻላል፣ ሰው ፊት አይቆጡም፣ ለመሄድም አጠና የሚል ምክንያት አለኝ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አንድ ደንበኛ ቆሟል፤ ሳንሱሲ በኩል ቤት የሚሠራ ሰው ነው።

«ጠንካራ የሆነ ሃያ አጠና ስጡኝ» ይላል።

«ለምን ሥራ ነው?» ይላሉ አባቴ።

«ጠንካራ ይሁን ብቻ፣ አባባ።»

«ጠንካራውን ሰማሁ። ለምን ሥራ ነው?»

ሰውየው ሰዓቱን አየ። አባቴ ግን ሰዓት የላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ነው የሠሩት፤ ለምን ሥራ እንደሆነ ሳይነገራቸው አንድ እንጨት ከክምሩ አይስቡም። በመጨረሻ ሰውየው ለማገር ነው አለ፣ ለጭቃ ግድግዳ አግድም የሚመታው። አባቴም ከጠንካራው ክምር ተነስተው ወደ ቀጭኑ ሄዱ። እያንዳንዱን በአውራ ጣታቸውና በመሃል ጣታቸው ከበው ይይዙታል፤ ጣቶቹ ከተገናኙ ወዲህ፣ ካልተገናኙ ወዲያ። በአገራቸው ቋንቋ ይቆጥራሉ። የተሰነጠቀው እጃቸው አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ እንጨቱን ወደ ግራ ያዛውሩታል። ሃያውን ጨርሰው ሲዞሩ አዩኝ።

«ልጄ! ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። አጠና ፈልጌ ነበር፣ አባዬ።»

«ለምን ሥራ ነው?»

«ላስተምርበት።»

ትንሽ አሰቡ። «ልትገርፊበት እንዳይሆን» አሉ፤ ተሸካሚያቸው ሳቀ። ይህ ሰው ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት የሠራ፣ ትከሻው የጠነከረ ጎልማሳ ነው። እኔም ነገሩን ለማስረዳት ሞከርኩ። አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም፣ አንድ ቀጭን፣ አንድ ወፍራም እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«አጭር ለምን?»

«አጭር ብቻ፣ አባዬ። ዝም ብሎ አጭር።»

«ዝም ብሎ አጭር የሚባል አጠና የለም» አሉ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ። «ለጣሪያ ወራጅ ያጠረ ለማገር ይረዝማል። እናንተ ትምህርት ቤት ምንድን ነው የምታስተምሩት?»

 በመጨረሻ እሺ፣ ነገ ራሴ መርጬ አመጣዋለሁ አሉ። ከዚያ ያዩኝ ጀመር። «ሌላስ?»

«ሌላ ምን?»

«ሌላ የመጣሽበት ነገር የለም?»

«የለም። ምሳ በሉ?»

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። እንዳልሰማ ሆኜ ወጣሁ፤ ታክሲ እስክይዝ ድረስ ፊቴ ይቃጠል ነበር።

ሐሙስ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጡ። ተሸካሚው አራት አጠና በእጅ ጋሪ እየገፋ፣ አባቴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከኋላ እየተከተሉ። ሙሉ ልብስ የሚለብሱት ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነው። በር ላይ አድርሰው የሚመለሱ መስሎኝ ነበር፤ ልጆቹ ግን «አባባ ይግቡ! አባባ ይግቡ!» ብለው ክፍሉን ቀወጡት።

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» አሉኝ በቀስታ። «በዚህ ዕድሜዬ ሰባተኛ ክፍል ልታስገቢኝ?» ግን ደስ ብሏቸው ነበር። ገብተው ከሰሌዳው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

አጠናዎቹን ግድግዳው ላይ አስደግፈን ጀመርን። አጭሩን አነሳሁ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ዚስ ፖል ኢዝ ቱ ሾርት!» አሉ። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ አድርጌ ነው ያስተማርኩት፤ አንድ ድምፅ ከተሰማ ትምህርቱ ገብቷል ብዬ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ።

«ምን አሉ?» አሉ አባቴ።

«ከልክ በላይ አጭር ነው አሉ፣ አባዬ።»

ከወንበራቸው ተነሱ። አጭሩን አጠና ከእጄ ወሰዱና ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ለምን ሥራ?» አሉ።

ሳቅ ሆነ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ደንበኛ እንደሚጠብቁ ሆነው ጠበቁ። ሳቁ ሲያልቅ አንድ ልጅ «ለጣሪያ» አለ። «ለጣሪያ ልክ ነህ፣ ያጥራል፤ አይደርስም» አሉት። «ለአትክልት አጥርስ?» ለአጥር ይበቃል። ቀጭኑን አነሱ፤ ድንኳን ለማቆም ይቀጥናል፣ ማገር ለመምታት ይበቃል። ልጆቹ በአማርኛ የመለሱላቸውን እኔ በእንግሊዝኛ እያስጨረስኳቸው ሄድን። ለምን እንደሚያጥር፣ ለምን እንደሚበቃ፣ ያ የዓረፍተ ነገሩ ጭራ ሁልጊዜ መጽሐፉ ላይ ነበረ። እኔ ነኝ ጊዜ ለመቆጠብ ስቆርጠው የኖርኩት። እንደዚያ ቀን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተማሪዎቼ ሰምቼ አላውቅም። በአባቴ ኮራሁ። ቅናትም ነበረኝ፣ አልደብቅም።

ከዚያ አባቴ ወፍራሙን ሊያሳዩ ጎንበስ አሉ። ትልቁ እሱ ነው፤ ሁለት ሰው የሚሸከመው። ጫፉን አንስተው ወደ ትከሻቸው ሲያቀርቡ የቀኝ አንጓቸው ከዳቸው። ጫፉ ሲሚንቶው ላይ ዷ ብሎ ወደቀ፤ ተሸካሚው ከበሩ ሮጦ መጥቶ ያዘው። ማንም አልተጎዳም። አባቴ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁት።

 ያኔ ያቺ ባለ ትልቅ ጫማዋ ልጅ እጇን አወጣች። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ዓረፍተ ነገሩ ሞልቶ ስለመጣላት ብቻ ደስ ብሏታል።

«ዚስ ማን ኢዝ ቱ ኦልድ ቱ ካሪ ዘ ፖል» አለች።

«ጎበዝ» አልኩ።

ከአፌ ያመለጠኝ በልማድ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ልክ የሆነ ዓረፍተ ነገር በሰማሁ ቁጥር ጎበዝ ብያለሁ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባኝ። 

«ምን አለች?» አሉ አባቴ።

መዋሸት እችል ነበር። ስለ ቀለሙ ተናገረች፣ ስለ ሽታው ተናገረች ብል ማን ያውቅብኛል? ግን አርባ ሁለት ልጆች እያዩኝ ነበር፤ ሁሉም ምን እንደተባለ ያውቃሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለአራት ቀን አፌ ላይ የነበረው ያው ነገር ነው፤ እኔ ያቃተኝን ልጅቷ በሰው ቋንቋ ተናገረችው።

«አጠናውን ለመሸከም አርጅተዋል አለች፣ አባዬ።»

«ለመሸከም?»

«ለመሸከም።»

አባቴ ልጅቷን አዩአት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን ነው» አሉ። «ከተሸከምኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። እንዲያው ልጆች ፊት ጉራ አማረኝ።» ልጆቹ በእፎይታ ሳቁ። «ለመምረጥስ? ጠይቂያት።»

ጠየቅኳት። አሰበች፣ ጣሪያውን አየች፣ ቃሉ ከፊት ይሁን ከኋላ በጣቷ ቆጠረች። «ሂ ኢዝ ኦልድ ኢነፍ ቱ ቹዝ» አለች።

«ለመምረጥ ዕድሜያቸው ይበቃል አለች» አልኳቸው። ይህን ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ጻፍኩት።

ደወል ሲደወል አባቴ አጠናዎቹን ለትምህርት ቤቱ ተዉ። ሁለቱ ለአትክልቱ አጥር፣ ወፍራሙ ለባንዲራው፣ ቀጭኑ ግን ለምንም እንዳይነካ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ማስተማሪያ ይሁን ብለው ለዘበኛው አስረዱት። ተሸካሚው ጋሪውን እየገፋ ቀድሞ ሄደ። እኔ ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ እስከ ፌርማታው ሸኘኋቸው። እዚያ አግዳሚ ወንበር የለም፤ የተሰበረ የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እንግዲህ ንገሪኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«ወንድምሽ እሁድ ብሎ የላከሽን።»

ደነገጥኩ። «ማን ነገርዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ከሠርግሽ ወዲህ አጠና ተራ ረግጠሽ አታውቂም። ትናንት ድንገት መጥተሽ እንጨት ስጡኝ ስትይ፣ እኔ ደንቆሮ ነኝ እንዴ?» አልተቆጡም። እንዲያውም ፈገግ እንደማለት ብለው ነበር። ያ ፈገግታ ከቁጣ ይልቅ አሳፈረኝ። ከሠርጌ ወዲህ ስንት ዓመት እንደሆነ ቆጠርኩ፤ ባል አግብቼ ፈትቼ ወደ ቤታቸው ተመልሻለሁ፤ አጠና ተራ ግን አልተመለስኩም። አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ አባትሽ ምንድን ናቸው ስባል «ነጋዴ» ብዬ ነው የማልፈው።

ስለዚህ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንድሜ ቦታውን የሚረከብ ሰው ማግኘቱን፣ ዛሬም ያ እንጨት ቢወድቅባቸው ኖሮ ምን ሊሆን እንደነበር፣ ጠዋት ጠዋት በመስኮት ሳያቸው እንደምፈራ። እንባዬ መጣ። አባቴ እያዳመጡኝ የቀኝ አንጓቸውን በግራ እጃቸው ያሹ ነበር። አንድ ታክሲ ቆመ፤ ረዳቱ ጠራን፤ አልተነሳንም፤ ሄደ።

«በቃዎት» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሠርተዋል፣ በቃዎት፣ ይረፉ። ወንድሜ ያለኝም እንዲህ እንድል ነው። ግን ከአንድ ሰዓት በፊት አርባ ሁለት ልጆች ፊት የታረምኩ ሰው ነኝ። በቃዎት ለምን? ለመሸከም በቃቸው፤ ይህን ራሳቸው ተናግረዋል። ለቀረውስ? የቀረው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንድ ቤት እየኖርን ጠይቄያቸው አላውቅም።

«አባዬ» አልኩ፣ «አጠና ተራ የሚሄዱት ለምን ሥራ ነው?»

 ለመሸጥ ነው ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወይም ቤት መቀመጥ ይሰለቻል።

«ሰው እንዲጠይቀኝ ነው» አሉ።

«እንዴት?»

«እዚያ ሰው መጥቶ ይጠይቀኛል። የቱ ይሻላል፣ ይሄ ይቆያል ወይ፣ ምስጥ አይበላውም ወይ ይለኛል። እነግረዋለሁ። ቤት ውስጥ የሚጠይቀኝ የለም፣ ልጄ። ይነገረኛል እንጂ።»

ቅሬታ አልነበረበትም አነጋገራቸው። የአጠና ዋጋ እንደሚናገሩ ነበር የተናገሩት። እኔ ግን የዚያን ቀን ጠዋት ያልኳቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። ይልበሱ። ይብሉ። መድኃኒቱን ይዋጡ። ቀስ ይበሉ። አሁን ይቀመጡ። ደህና አደሩ ብያቸዋለሁ፤ እሱ ጥያቄ ነው ከተባለ፣ መልሱን ሳልሰማ ወደ ኩሽና ገብቻለሁ። ሰው አባቱን ሲወድ እንዲህ ዝም ሊያሰኘው እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ታክሲ ሲመጣ ተነሱ። ሲሳፈሩ «መሸከም ትቻለሁ» አሉኝ። «ክምሩንም ከእንግዲህ ተሸካሚዬ ይከምረዋል። ለወንድምሽ ንገሪው።»

ማታ ከራት በፊት ወንድሜ ደወለ።

«ነገርሻቸው?»

«ጠየቅኳቸው» አልኩት።

«ምን ማለት ነው ጠየቅኳቸው? ምን ይጠየቃል? ዳግመኛ ቢወድቁስ?»

 ሊወድቁ ይችላሉ። አባቴ ያሉትን ግን ቃል በቃል ነገርኩት፤ ስለ መሸከሙም፣ ሰው እንዲጠይቀኝ ነው ስላሉትም።  

«ለሰውየው ቃል ሰጥቼዋለሁ» አለ። «ቅዳሜ አራት ሰዓት እንገናኝ ተባብለናል። ቅዳሜ እመጣለሁ።» ዘጋው። ብቻውን ይምጣ ወይስ ከሰውየው ጋር አልነገረኝም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ አጠና ተራ ሄድኩ። አባቴ ግንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ተሸካሚው አዲስ የመጣ እንጨት ይከምራል። ወንድሜ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ብቻውን መጣ፣ የቢሮ ጫማውን አድርጎ። ልጣጩና አፈሩ ላይ እንዴት እንደሚረግጥ ጠፍቶት ነበር። አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከትምህርት መልስ እዚያው ክምሩ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። አባቴን ጉልበታቸውን ሳማቸው። ደህና ነህ አሉት፤ ደህና ነኝ አለ። 

ወንድሜ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጠራ። ማን እንደሆነ ሳናየውም አወቅን። አውጥቶ አየው፤ ድምፁን አጥፍቶ መልሶ ከተተው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና በኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት፤ አላወጣውም። አንዲት ሴት መጥታ ለዶሮ ቤት የሚሆን እንጨት ጠየቀች፤ አባቴ መረጡላት፤ ወንድሜ እጃቸውን ብቻ ያይ ነበር፣ አውራ ጣትና መሃል ጣት ሲገናኙና ሲለያዩ። ሴትየዋ ሄደች። አባቴ ግንዳቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ነበሩ።

ወንድሜ ወደ ግንዱ ተጠጋ።

«አባዬ፣ አጠና ፈልጌ ነበር» አለ።

አባቴ ቀና አሉ። «ለምን ሥራ ነው?»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ፊቱ ቀልቷል።

«ለአጥር» አለ።

አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። አባቴም ደረጃውን እያረፉ ብዙ ጊዜ ወጥተውታል። ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጉልበታቸውን በእጃቸው ተደግፈው ከግንዱ ላይ ተነሱ።

«አጥሩ ስንት ሜትር ነው?» አሉት።